ይሄን ፕሮግራም ማነው ያስቀመጠልኝ?

አራት ኪሎ አንድ ካፌ ቁጭ ብለናል። የአክስቴ ልጅ አምስት ኪሎ ኢንጂነሪንግ ነው የምትማረው። ላፕቶፗ ላይ ሊኑክስ ከጫነች ገና ሳምንቷ ነው። ፎቶ የምታስተካክልበት ፕሮግራም ፈለገችና ጥቁሩን መስኮት ከፈተች። አንድ መስመር ጻፈች፦ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ጊምፕ»። የይለፍ ቃሏን አስገባች። ማኪያቶዋ ሳይቀዘቅዝ ፕሮግራሙ ተከፈተ። ከዌብሳይት ዌብሳይት አልዞረችም። ክራክ አልፈለገችም። ፍላሽ ከማንም አልተዋሰችም።

ከዚያ ቀና ብላ፣ «አንተ፣ ይሄን ግን ማነው ያስቀመጠልኝ?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ደስ አለኝ። ሊኑክስን አሥር ዓመት የተጠቀሙ ሰዎች እንኳ አይጠይቁትም። መልሱ በአንድ ማኪያቶ የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ከስሙ እንነሳ። ሊኑክስ የሚባለው በትክክል ከርነሉ ብቻ ነው፤ ከማሽኑ ጋር በቀጥታ የሚነጋገረው እምብርት። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወደ ራሳችን እመለሳለሁ።) ከርነል ብቻውን ግን ሥራ አያሠራም። ብሮውዘር፣ መጻፊያ፣ ፎንት፣ ኪቦርድ፣ የፕሪንተር ድራይቨር ያስፈልጋል። እነዚህን የሚጽፉት በየአገሩ ያሉ፣ ብዙ ጊዜም የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ይሄን ሁሉ ሰብስቦ፣ እርስ በርሱ አስማምቶ፣ በአንድ ላይ የሚያቀርበው ዲስትሪቢውሽን ይባላል። በአፋችን ዲስትሮ እንለዋለን።

እኛ አገር ብዙ ሰው የሚያውቀው ኡቡንቱን ነው። ኡቡንቱ በ2004 ነው የወጣው፤ ከጀርባው ካኖኒካል የሚባል ኩባንያ አለ። የቆመው ግን በዴቢያን ላይ ነው። ዴቢያን ደግሞ ባለቤት ኩባንያ የለውም። ኢያን መርዶክ የሚባል ተማሪ ኦገስት 16 ቀን 1993 አስተዋወቀው። ስሙን ያወጣለት የራሱንና ዴብራ የምትባለውን የሴት ጓደኛውን ስም አገናኝቶ ነው። ዛሬ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ አባላት አሉት። መሪያቸውን በየዓመቱ ድምፅ ሰጥተው ይመርጣሉ። በ2025 የወጣው 13ኛው እትም፣ ትሪክሲ የሚሉት፣ ወደ 70,000 የሚጠጉ ፓኬጆች ይዟል።

ማን ይከፍላቸዋል? ዴቢያን ራሱ ደሞዝ አይከፍልም። አንዳንዶቹን መሥሪያ ቤታቸው በሥራ ሰዓት እንዲሠሩት ይፈቅድላቸዋል። ብዙዎቹ ግን ከሥራ ሲወጡ፣ ማታ ማታ ነው የሚሠሩት።

ለአክስቴ ልጅ የነገርኳት በእድር ነው። እድሩ ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት አለው። ዕቃው የሁሉም ነው፤ ቁልፉ ግን የሆነ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ሌሊት ለቅሶ ሲደርስ ድንኳኑ ከነምሰሶው፣ ከነገመዱ መገኘት አለበት። ያ ሰው ድንኳኑን አልሰፋውም። ግን እንዳይበሰብስ፣ ከሄደበት እንዲመለስ፣ የተቀደደው እንዲጣፍ የሚያስበው እሱ ነው። ዴቢያን ውስጥም እያንዳንዱ ፓኬጅ እንዲህ ያለ ሰው ወይም ቡድን አለው። በእንግሊዝኛው ሜንቴነር ይሉታል። እኔ ባለአደራ ነው የምለው።

ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ

እዚህ ከተማ ፓኬጅ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የሞባይል ዳታ ነው። የማወራው ስለዚያ አይደለም። የሊኑክስ ፓኬጅ ማለት አንድ ፕሮግራም፣ ማሽኑ ላይ ያለ ሰው እርዳታ ቦታ ቦታውን እንዲይዝ ተደርጎ የታሸገበት ፋይል ነው። ሲፈታ በዋናነት ሁለት ነገር ይወጣዋል። አንዱ የፕሮግራሙ ፋይሎች ናቸው። ሌላው ስለፕሮግራሙ የሚናገር መረጃ ነው፦ ስሙ፣ የእትም ቁጥሩ፣ ባለአደራው ማን እንደሆነ፣ እንዲሠራ ሌላ ምን ምን እንደሚያስፈልገው።

የመጨረሻው ትልቁ ነው። ጊምፕ ብቻውን አይሠራም። ሥዕል የሚያነብለት፣ መስኮት የሚስልለት፣ ፎንት የሚያወጣለት ሌላ ኮድ ይፈልጋል። እነዚያም የራሳቸው የሚፈልጉት አላቸው። የአክስቴ ልጅ አንድ ስም ጽፋ ማሽኑ በርካታ ፓኬጆች ያወረደው ለዚህ ነው። የድንኳኑን ምሰሶ አስቀድሞ በመዝገብ የጻፈላት ሰው ነበር።

አሁን አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። ከጓደኛዬ ጋር በዴቢያን ደንብ ፓኬጅ አድርገን የምንይዘው ትንሽ ፕሮግራም አለ። የአበሻን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጅን ወደ አበሻ ይቀይራል። ዋናው ዴቢያን ውስጥ ገና አልገባም። ለሚጠቀሙበት ጥቂት ሰዎች ከራሳችን ሰርቨር ነው የምንሰጠው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሌላ ልጅ ነው። እኛ የጨመርነው «ዴቢያን» የሚባል አንድ ፎልደር ብቻ ነው። ውስጡ አጫጭር ፋይሎች አሉ፦ መግለጫው፣ እንዴት እንደሚገነባ (ኮዱ እንዴት ወደሚሠራ ፕሮግራም እንደሚቀየር) የሚናገረው ትእዛዝ፣ የባለመብቱ ወረቀት፣ የለውጥ መዝገቡ።

ይሄ የአንድ ማታ ሥራ መስሎን ነበር። ሦስት ሳምንት ወሰደብን።

መጀመሪያ የጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ያለ ችግር ተገነባ። ከዚያ በባዶ ክፍል ሞከርነው። ባዶ ክፍል የምለው ማሽኑ ውስጥ ለብቻው የሚከፈት፣ ምንም ተጨማሪ ነገር ያልተጫነበት ንጹሕ ዴቢያን ነው። እዚያ ወዲያው ወደቀ። ለካ ጓደኛዬ ከዓመት በፊት ለሌላ ሥራ የጫነው ላይብረሪ፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ፣ ነበር ሲያግዘው የነበረው። መግለጫው ላይ አልተጻፈም። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚባለው ነገር እዚህ ዋጋ የለውም። ዴቢያንም ይሄን ስለሚያውቅ ሰው ቤቱ የገነባውን ፓኬጅ ለሕዝብ አይሰጥም። ባለአደራው የሚልከው ሶርስ ኮዱን፣ ሰው የጻፈውን ጽሑፍ፣ ነው። የሚገነቡት የዴቢያን የራሱ ማሽኖች ናቸው።

ሁለተኛው ችግር ከሁሉ በላይ አስተማረኝ። ፕሮግራሙ ውስጥ አንድ የግዕዝ ፎንት አብሮ ተቀምጧል። ጸሐፊውን «ፈቃዱ የት አለ?» ብለን ጠየቅነው። «ኧረ ድሮ ከሰው ፍላሽ ላይ ነው የገለበጥኩት» አለን። ሁላችንም እንዲህ ነው ያደግነው፤ አልፈረድኩበትም። ፎንቱ ግን መውጣት ነበረበት። ዴቢያን በ1997 ያጸደቀው ማኅበራዊ ውል አለው። ፓኬጁን የሚወስድ ማንኛውም ሰው መጠቀም፣ ማየት፣ መለወጥ፣ ለሌላ መስጠት መቻል አለበት ይላል። አዲስ ፓኬጅ ሲገባም የባለመብቱን ወረቀት በሰው ዓይን የሚያዩ ሰዎች አሉ። ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፎንት እዚያ አያልፍም። እኛም አውጥተነው መግለጫው ላይ አንድ መስመር ጨመርን፦ ይሄ ፕሮግራም አቢሲኒካ ፎንትን ይፈልጋል። አቢሲኒካ በነፃ ፈቃድ የወጣ ነው፤ ዴቢያን ውስጥም ራሱን የቻለ ፓኬጅ አለው፤ የራሱ ባለአደራም አለው። ሌላ ሰው በደንብ የያዘውን ነገር እኛ ጋ አባዝቶ ማስቀመጥ አያስፈልግም ነበር።

ነሐሴ 6

ፓኬጁ ተሠራ። ቁጥሩን 1.4-1 አልነው። ከሰረዙ በፊት ያለው የጸሐፊው ቁጥር ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለው የእኛ ነው። ብዙ ሰው ሥራው እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለዋል። የጀመረው እዚህ ነው።

ሁሉንም ነገር በየቀኑ እንደገና የሚገነባ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አለን። ፕሮግራሙ ሲገነባ ጸሐፊው የጻፋቸው ቴስቶችም፣ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹ አጫጭር ኮዶች፣ አብረው ይሄዳሉ። አንዱ ከወደቀ ግንባታው ይቆማል። ወራት ሙሉ ያለ ችግር አለፈ። ነሐሴ 6 ቀን ጠዋት ስነሳ ቀይ ሆኖ ጠበቀኝ። ኮዱን ማንም አልነካውም።

አንዱ ቴስት እንዲህ ነበር የሚለው፦ የዛሬን ቀን ውሰድ፣ አንድ ወር ጨምር፣ ያው ቀን መገኘቱን አረጋግጥ። መስከረም 12 ከሆነ ጥቅምት 12። ልክ ነው። ሐምሌ 30 ከሆነ ነሐሴ 30። ልክ ነው። ነሐሴ 6 ሲሆንስ? ጳጉሜን 6። ዓመቱ ደግሞ ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ የሆነችበት ነበር። ቴስቱ እንዲህ ባለ ዓመት ውስጥ 25 ቀን ይወድቃል፤ በቀረው ጊዜ ሁሉ ያልፋል። ጸሐፊው የጻፈው ጥቅምት ላይ ነበር። እንዴት ያየዋል?

ይሄ ስህተት ተጠቃሚው ጋ ቢደርስ ቀላል አልነበረም። የኪራይ ወይም የዕቁብ ቀን የሚያሰላበት ሰው በሌለ ቀን ይቀጠራል። ለጸሐፊው ጻፍንለት፤ መስክ ላይ ነበር፤ ቶሎ አልመለሰም። እስኪመለስ ድረስ እኛው አስተካክለን ማስተካከያውን ለብቻው በፋይል አስቀመጥነው። እንዲህ ያለው ፓች ይባላል። 1.4-2 ብለን አወጣን። ጸሐፊው ሲመለስ ፓቹን ተቀበለና በ1.5 ውስጥ አስገባው። ያን ቀን ፓቻችንን ሰረዝን። ጥሩ ባለአደራ ፓች አያከማችም። ያስተካከለውን ወደ ምንጩ ይመልሳል፤ ሌላው ዓለምም እንዲጠቀምበት፣ እሱም ዕድሜ ልኩን እንዳይሸከመው።

ዴቢያን ውስጥ ይሄው ነገር በ70,000 ተባዝቶ ይካሄዳል። አዲስ ነገር መጀመሪያ የሚገባው ሲድ የሚባለው ክፍል ነው። እዚያ ነገር ይሰበራል፤ እንዲሰበር ነው የተሠራው። ከባድ ባግ (የፕሮግራም ስህተት) ካልተገኘበት በተለምዶ ከ2 እስከ 10 ቀን ቆይቶ ቴስቲንግ ወደሚባለው ያልፋል። ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላ ቴስቲንግ በሩን ይዘጋል፤ ስህተት ብቻ ይታረማል፤ ከዚያ ስቴብል ተብሎ ይወጣል።

ስቴብል ከወጣ በኋላ የፕሮግራሞቹ የእትም ቁጥር ባለበት ይቆማል ማለት ይቻላል። «ዴቢያን ያረጀ ነገር ነው የሚሰጠው» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። ቅሬታውን እረዳዋለሁ፤ ግን አልስማማበትም። የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ባለአደራው አዲሱን ፕሮግራም እንዳለ አያመጣላችሁም። ከአዲሱ ውስጥ ቀዳዳውን የምትደፍነዋን ጥቂት መስመር ብቻ ለይቶ ያወጣል፤ በአሮጌው ላይ ይጥፈዋል። ከባድ ሥራ ነው፤ የሚያመሰግነው ሰውም የለም። የእናንተ ማሽን ግን ትናንት እንደሠራ ዛሬም ይሠራል። ዳታ ገዝታችሁ ለምትጠቀሙ ደግሞ የሚወርደው ነገር ያነሰ ነው። አዲስ አበባ ላለ ቢሮ ዲስትሮ ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት ስቴብልን ነው የምመርጠው።

ዋስ

አደራ ካለ አደራ ሊበላሽም ይችላል። ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ።

ኦፕንኤስኤስኤል የኢንተርኔት ግንኙነትን በሚስጥር ቁልፍ የሚቆልፍ ፕሮግራም ነው። በ2006 የዴቢያን ባለአደራው አንድ መፈተሻ መሣሪያ ማስጠንቀቂያ የሚያወጣበትን የኮድ መስመር አወጣው። ማውጣት ይቻል እንደሆነ አስቀድሞ የፕሮግራሙን ሠሪዎች ጠይቆም ነበር። መስመሩ ግን ቁልፍ ሲፈጠር የማይገመት ቁጥር የሚያስገባው ነበር። እሱ ሲወጣ የቀረው የፕሮሰሱ ቁጥር፣ ማሽኑ ለሚሄደው ፕሮግራም የሚሰጠው መለያ፣ ብቻ ሆነ። ይሄም ቢበዛ 32,768 ዓይነት ነው። በዚያ ጊዜ በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ የተፈጠሩ የሰርቨር ቁልፎች በሙሉ ሊገመቱ የሚችሉ ሆኑ። የታወቀው ሜይ 2008 ነው፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል። ክፉ ሐሳብ አልነበረም። አንድ ሰው ነገሩን ለማጽዳት ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ «ፓቹን ለምንጩ አሳዩ» የሚለው ምክር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ሁለተኛው በ2024 ነው። ኤክስዜድ የሚባል ፋይል የሚጨምቅ ትንሽ ፕሮግራም አለ። በየሰርቨሩ አለ፤ ማንም ግን ስሙን አያነሳውም። ለዓመታት በአንድ የደከመው ሰው ትከሻ ላይ ነበር። «ለምን ትዘገያለህ፣ አጋዥ ጨምር» የሚሉ ሰዎች በዙበት። ጂያ ታን በሚል ስም የመጣ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና ሲያግዘው ቆየ። እምነቱን አገኘ። ከዚያ በ5.6.0 እትሙ ውስጥ ሰርቨር የሚከፍት ድብቅ በር አስገባ። ይሄ ድብቅ በር ሁልጊዜ አይሠራም፤ ፕሮግራሙ ሲገነባ ሥራው የዴቢያን ወይም የሌላው ትልቅ ዲስትሮ የሬድሃት ዓይነት ፓኬጅ ለመሥራት መሆኑን አይቶ ነው የሚነሳው። ዒላማው የእኛ የባለአደራዎቹ ጠረጴዛ ነበር ማለት ነው።

ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር ነው። ዴቢያን ሲድ ላይ ሲሠራ ወደ ሰርቨሩ መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት። ግማሽ ሰከንድ! ሌላ ሰው ቢሆን «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ አላለፈውም። ተከታትሎ ማርች 29 ቀን ለዓለም አሳወቀ። የተበላሸው ፕሮግራም ሲድና ቴስቲንግ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ የዴቢያን ስቴብል ጋ አልደረሰም። ቅድም «ያረጀ ነው» ሲባል የማልስማማው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ባለአደራውን ማን ያምነዋል? ዴቢያን ያለ ዋስ ሰው አይቀበልም። ፓኬጅ የሚልክ ሰው ሥራውን በዲጂታል ቁልፍ ይፈርማል። ቁልፉ የእሱ መሆኑን ሌሎች አባላት በፊርማቸው ይመሰክሩለታል፤ የተለመደው መንገድ ፊት ለፊት ተገናኝቶ መታወቂያ ተያይቶ ነው። አዲስ ሰው መጀመሪያ ሥራውን ለነባር አባል ያሳያል። ነባሩ አይቶ፣ አርሞ፣ በራሱ ስም ይልክለታል። ሙሉ አባል እስኪሆን ወራት አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጅበታል። የጂያ ታን ነገር ግን ትዕግሥትም ሊታለል እንደሚችል አሳይቷል። ስለዚህ ከሰው በተጨማሪ ኮዱን የሚፈትሽ መንገድ እየተሠራ ነው። አንድን ሶርስ ኮድ ሁለት ሰው በተለያየ ማሽን ቢገነባው፣ የሚወጣው ፋይል እስከ መጨረሻዋ ፊደል አንድ ዓይነት መሆን አለበት የሚል ሥራ ነው። አንድ ካልሆነ መሃል ላይ የሆነ ነገር ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ከጥቃት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የሰው ማለቅ ነው። ባለአደራው ልጅ ይወልዳል፣ ሥራ ይቀይራል፣ ይታመማል። ታማኝ የሆነው «ከዚህ በኋላ አልችልም» ብሎ በይፋ ያስረክባል። ፓኬጁ ወላጅ አልባ ተብሎ ይመዘገባል። ጠያቂ ካጣና ካረጀ አንድ ቀን ከዴቢያን ይወጣል። ለእኛ ይሄ ሩቅ ወሬ አይደለም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት መዝገብ ውስጥ፣ በ1999 ነው የገባው። ዴቢያንን ስትጭኑ ከሚመረጡት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ኪቦርዱ፣ ፎንቱ፣ የቀንና የገንዘብ አጻጻፉ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለሠራቸው ነው ያሉት። አንዱ ቢበላሽ ስህተቱ መጀመሪያ የሚታየው ለእኛ ነው። ነሐሴ 6 ላይ የሚወድቅን ቴስት ጳጉሜንን የማያውቅ ሰው እንዴት አድርጎ ይጠርጥረው?

መጀመር የሚፈልግ ሰው ፓኬጅ ከመሥራት አይነሳ። ባግ ከማሳወቅ ይነሳ። «አልሠራም» ብሎ ብቻ ሳይሆን የትኛው ቁጥር ላይ፣ ምን ሲያደርግ፣ ምን ጠብቆ ምን እንዳየ ይጻፍ። እንዲህ ያለ አንድ አንቀጽ የባለአደራውን ግማሽ ቀን ያተርፋል። ትርጉም የሚችል ይተርጉም፤ ያልተተረጎመ ብዙ ነገር አለ። ከዚያ አንድ ትንሽ፣ እሱ ራሱ በየቀኑ የሚጠቀምበትን ፓኬጅ ይያዝ። የማይጠቀሙበትን ፓኬጅ የያዙ ሰዎች ሲሰለቹ አይቻለሁ።

ካፌው ውስጥ ለአክስቴ ልጅ ይሄን ሁሉ ነግሬ ስጨርስ አንድ ተጨማሪ ፓኬጅ አስጫንኳት። «ሃው ካን አይ ሄልፕ» ይባላል። ማሽናችሁ ላይ ከተጫነው ውስጥ እርዳታ የሚፈልገውንና ባለአደራ ያጣውን ለይቶ ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ወጣ። ጣቷን እስክሪኑ ላይ አድርጋ ወደ ታች ማንበብ ጀመረችና አንዱ ላይ ቆመች።

«ይሄኛው ሰው የለውም ይላል» አለችኝ። «ጠዋት አሳይመንቴን የሠራሁበት ነው እኮ።»

ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረችው።